ጥብቁ ተራራና የፍየል ባለቤቶቹ፦ ከደቡብ ወሎ የተመዘገበ አንድ ጉዳይ

ጉዳዩ ለምን ተመዘገበ

ነገሩ የሆነው በደቡብ ወሎ፣ ከሐይቅ ከተማ በስተምሥራቅ ካሉት ተራራማ ቀበሌዎች በአንዱ፣ ከ2009 እስከ 2012 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ነው። በአውሬና በፍየል አርቢዎች መካከል የተነሣ ጠብ ነበር፤ ኋላ ግን አርቢዎቹን ከቀረው የቀበሌው ሰው ጋር አጋጨ። አንድ ሁለት ሙከራ ከሽፎ በመጨረሻ ሁሉንም ባያስደስትም በስምምነት ረገበ። ተመሳሳይ አቤቱታ ዛሬ ከብዙ ወረዳዎች ይሰማል፤ የሚሰጠው መልስ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ «በረታችሁን አጥብቁ» የሚል ነው። እዚህም የመጀመሪያው መልስ ይኸው ነበር። በረቱ ጠበቀ፤ ፍየሉ ግን ማለቁን አላቆመም። ለምን እንዳላቆመ ለማወቅ አንድ ዓመት ያህል ፈጀ። ጉዳዩን ለመጻፍ ያነሣሣኝ ይህ መዘግየት ነው። የሰዎቹ፣ የጎጦቹና የቀበሌው ስም ሆን ተብሎ ተትቷል።

ተራራው

የ1977ቱን ረኃብ ያዩ ሽማግሌዎች ተራራው በዚያን ጊዜ ከግርጌው እስከ ጫፉ ድንጋይ ብቻ እንደነበረ ይናገራሉ። በደርግ ዘመን በምግብ ለሥራ እርከን ተሠራበት፤ ባሕር ዛፍና ጥድ ተተከለበት፤ ከብት እንዳይደርስበት ተከለከለ። ክልከላው ከላይ የወረደ ትእዛዝ ስለነበረ በ1983 መንግሥት ሲለወጥ፣ እንደ ብዙዎቹ የወሎ ተራሮች፣ ይህም ወዲያው ተመነጠረ። ለማገዶ ያልሆነው ለቤት ማገር ሆነ። ስለዚያ ጊዜ ሲጠየቁ የሚያፍሩም፣ «የእኛን እኛው ወሰድነው» የሚሉም አሉ።

ለሁለተኛ ጊዜ የተከለለው ከ1997 ጀምሮ በመጣው የሴፍቲኔት ሥራ ሲሆን፣ ከ2003 ወዲህ በየዓመቱ በበጋው ወራት የሚደረገው የተፋሰስ ልማት ዘመቻ አጠናከረው። በዚህ ዙር ደንቡ ለሕዝብ ቀርቦ፣ ተከራክረውበትና እጅ አውጥተውበት ጸደቀ። ቦታውን በየወረቀቱ «ከሰውና ከእንስሳት ንክኪ ነፃ» ይሉታል፤ ሰዉ ግን «ጥብቁ» ይለዋል። ደንቡ ቀላል ነው። ከብት አይገባም። ዛፍ አይቆረጥም። ሣሩ በጥቅምትና በኅዳር ይታጨዳል፤ እያንዳንዱ አባወራ በዕጣ የደረሰውን አጭዶ በሸክም ይወስዳል፤ የተረፈው በጨረታ ተሽጦ ገንዘቡ ለጥብቁ ኮሚቴ ገቢ ይሆናል። ከብቱ ጥብቁ ውስጥ የተያዘበት ሰው በቁም እንስሳው ቁጥር ይቀጣል፤ ከደገመ ቅጣቱ እጥፍ ነው።

ተራራው ሲያገግም ቅደም ተከተል ነበረው። መጀመሪያ ክትክታና እምቧጮ ሞሉት። ቀጥሎ ደደሆና አጋም መጡ። ሞቷል የተባለው የወይራ ጉቶ ማቆጥቆጥ ጀመረ። ከቁጥቋጦው ጋር ሽኮኮው፣ ሚዳቋውና ጥርኙ ተመለሱ፤ ዝንጀሮውም በዛ። ጅብ ድሮም ከአገሩ ወጥቶ አያውቅም። ነብር ግን ከአንድ ትውልድ በላይ ታይቶ የማያውቅ አውሬ ነበር። አሁን መሸሸጊያ ቁጥቋጦ፣ የሚታደን እንስሳና ውኃ በአንድ ቦታ ሲያገኝ ተመለሰ። ማንም አምጥቶ አልለቀቀውም። ይህን አጥብቄ የምናገረው «መንግሥት ነብር በመኪና አምጥቶ ጣለብን» የሚለው ወሬ በዚያ ሰሞን ከቀበሌ ቀበሌ ሲዞር ስለነበረ ነው።

ችግሩ

አቤቱታው የበዛው ከ2008ቱ ድርቅ በኋላ ነው። በድርቁ ብዙ ቤተሰብ በሬውንና ላሙን ሸጦ ስለነበር በእጁ የቀረው ጥቂት ፍየል ብቻ ነበር። በተለይ በተራራው ግርጌ ባሉ ሁለት ጎጦች መሬታቸው ጠባብና ድንጋያማ የሆነ፣ አንዳንዶቹም በሴት የሚመሩ ቤተሰቦች ይበዛሉ። ለነዚህ ሰዎች ፍየል ማለት በሐምሌና በነሐሴ እህል የሚሸመትበት፣ ለትምህርት ቤት ደብተር የሚገዛበት፣ ለዓረፋና ለፋሲካ ገበያ ወደ ቢስቲማ ከተማ ተወስዶ ጥሩ ዋጋ የሚያወጣ ሀብት ነው። ባሏ የሞተባት አንዲት እናት ከነበሯት አሥራ አንድ ፍየሎች በአንድ ዓመት ውስጥ ስድስቱን አጣች። ቀበሌ ጽሕፈት ቤት ሄዳ ስታመለክት የተሰጣት መልስ «አላህ ይካስሽ» የሚል ነበር። መልካም ምኞት ነው፤ መዝገብ ላይ ግን የሚሰፍር ነገር አልነበረውም።

አውሬ የገደለው እንስሳ በዚህ አገር ፍጹም ኪሳራ ነው። ለሙስሊሙ ሐራም ነው፤ ክርስቲያኑም በክት አይበላም። ስለዚህ ሥጋው አይበላም፣ አይሸጥም፤ ቆዳው ካልተበጫጨቀ እርሱ ብቻ ይተርፋል። ጩኸት ሲሰማ ሰው ቢላ ይዞ የሚሮጠው አውሬውን ለመግጠም ሳይሆን፣ ነፍሱ ሳትወጣ ደርሶ ለማረድ ነው። የደረሰ የሥጋውን ያህል ያተርፋል። ያልደረሰ በድኑን ወደ ገደል ይጥላል። የተጣለው በድን ደግሞ በማግስቱ ሌሊት ጅብ ይጠራል።

ቀበሌው ውስጥ የተመዘገቡት አቤቱታዎች ሁሉ አንድ ዓይነት ነበሩ፤ «ጅብ በሌሊት በረት ሰብሮ በላብኝ» ይላሉ። ነብርን ያነሣ ሰው አልነበረም ማለት ይቻላል።

በዚህ መሐል አንድ ሰው የሞተ አህያ ላይ መርዝ አደረገ። በማግስቱ አንድ ጅብ፣ ሁለት የሰው ውሾችና በበድኑ ዙሪያ የወደቁ ጥንብ አንሳዎች ተገኙ። ከውሾቹ አንዱ ከዚያው ጎጥ የሌላ ሰው ስለነበር ነገሩ ወደ ሰው ጠብ ተለወጠ። የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541/1999 አውሬን ያለ ፈቃድ መግደልን ይከለክላል፤ መርዙን ያደረገውን ሰው ግን ማንም አሳልፎ አልሰጠውም። የቅሬው (በወሎ የመንደሩ የቀብርና የመረዳጃ ዕድር) ሽማግሌዎች የውሻውን ባለቤት አስታርቀው፣ ሁለተኛ መርዝ ያደረገ ከቅሬ እንደሚወጣ ተናገሩ። ወሎን የሚያውቅ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል፤ ከቅሬ የወጣ ሰው ለቅሶው ላይ የሚደርስለት፣ ቀብሩን የሚቆፍርለት የለውም። መርዝ ከዚያ በኋላ አልታየም። ሕጉ ከሚያስፈራው ይልቅ ቅሬው አስፈርቷል።

የመጀመሪያው እርምጃ

ኮሚቴውና የወረዳው ባለሙያዎች መዝገቡን አይተው ችግሩን የሌሊት ጅብ አሉት። መዝገቡ የሚለው ይህንኑ ነበርና ሌላ የሚሉት አልነበራቸውም። የነበረው ጉረኖ ከወገብ በታች የሆነ የድንጋይ ካብ ሲሆን ከላዩ የእሾህ አጥር ተደርጎበታል። ጅብ እንዲህ ያለውን በደረቱ ገፍቶ ይንደዋል። በደቦ ካቡን ከፍ አደረጉት፤ ከላይ በርብራብ ዘጉት፤ በርብራቡ ላይ የግራር እሾህ ጫኑበት፤ በሩን ከሳንቃ ሠሩት። የእያንዳንዱ ጎጥ ሰው ተራ በተራ ተረዳዳ። አቅም ለሌላቸው እንጨቱ ከጥብቁ ባሕር ዛፍ ተፈቀደ።

ሥራው ከንቱ አልነበረም። የሌሊቱ ጉዳት በጉልህ ቀነሰ፤ ደጅ ታስረው ከሚያድሩ አህዮች በቀር ጅብ ከጉረኖ ያወጣው እንስሳ እምብዛም አልተሰማም። መዝገቡ ግን መሙላቱን ቀጠለ፤ ዛሬም «በሌሊት ጅብ» እያለ። የኮሚቴው አባላት በአካል ሄደው ጉረኖዎቹን ሲያዩ ካቡ አልተናደም፤ እሾሁ አልተነሣም። ስለዚህ ወደ አንድ መደምደሚያ ሄዱ፤ «ፍየላቸውን ቢስቲማ እየሸጡ ጅብ በላ ይላሉ» አሉ። ይህ ቃል ከአንድ ስብሰባ ወጥቶ ታችኞቹ ጎጦች ጆሮ ሲደርስ ሰላምታ እስከመነፋፈግ ተደረሰ። አንድ የኮሚቴ አባል ከታችኛው ጎጥ ለሠርግ ሳይጠራ ቀረ።

እውነቱ የወጣበት መንገድ

ነገሩ የተፈታው በስብሰባ አልነበረም። በአንድ ሸህ ቤት ወዳጃ (የጋራ የጸሎት ስብስብ) ተቀምጠው፣ ዱዓው ተደርጎ ቡናው ሁለተኛው ላይ ሲደርስ፣ የልጅ ልጇን በእረኝነት የምታሰማራ አንዲት አሮጊት «ልጆቻችንን ጥብቁ ውስጥ እየላክን ጅቡን እናማዋለን» አሉ። ቤቱ ጸጥ አለ። አንድ ሰው ሳቀ። ከዚያ ሌላዋ እናት የእርሷም ልጅ እንደዚያው እንደነገራት ተናገረች፤ ሦስተኛ ሰውም ቀጠለ።

የተሰወረው ነገር ይህ ነበር። ፍየሎቹ የሚበሉት በቀን፣ ከጥብቁ ውስጥ ወይም ከዳሩ ላይ ነው። ፍየል እንደ በግ ሣር ላይ አትቆይም፤ የምትወደው ቅጠል ነው፤ ቅጠል ደግሞ በአካባቢው የቀረው ጥብቁ ውስጥ ብቻ ነው። ልጆቹ አንዳንዴ ፍየሎቹ አምልጠዋቸው፣ አንዳንዴ ተልከው ይገቡ ነበር። አውሬ ሲበላባቸው እውነቱን ቢናገሩ ቤተሰቡ ፍየሉንም አጥቶ ቅጣቱንም ሊከፍል ነው። ስለዚህ ቀኑ ሌሊት ሆነ፤ ነብሩ ጅብ ሆነ፤ ጥብቁም በረት ሆነ። ሰዎቹ ውሸታሞች ስለሆኑ አልዋሹም፤ ደንቡ እውነት መናገርን ሁለት ጊዜ የሚያስከፍል አድርጎት ነበር።

ሸሁና ሁለት አባጋሮች፣ ማለትም የወሎ ባህላዊ አስታራቂ ሽማግሌዎች፣ ኮሚቴውን አነጋገሩ። የጠየቁት አንድ ነገር ነው፤ ፍየሉ የት፣ በስንት ሰዓት እንደተበላ ለሚናገር ሰው ያለፈው እንዳይቆጠርበት። ከሊቀ መንበሩ ጋር የነበረው ክርክር ረጅም ነበር። «ዛሬ ከማርን ነገ ተራራው ይመነጠራል» አለ። ፍርሃቱ ከንቱ አልነበረም፤ የ1983ቱን በዓይኑ ያየ ሰው ነው። በመጨረሻ ለተወሰነ ጊዜ ብቻ ተስማማ፤ ወደፊት የሚገባ ግን እንደ ደንቡ ይቀጣል ተባለ።

ከዚያ በኋላ የጥብቁ ጠባቂና የወረዳው ባለሙያ እየተጠሩ ቦታውን ማየት ጀመሩ። ጅብና ነብር የገደሉት እንስሳ ለሚያውቅ ሰው አይምታታም። ነብር ጉሮሮውን ወይም ማጅራቱን ነክሶ አንቆ ይገድላል፤ የክራንቻው ቀዳዳ በአንገት ላይ ይታያል፤ በድኑን ጎትቶ ቁጥቋጦ ሥር ወይም ዛፍ ላይ ይወስደዋል። ጅብ ከኋላና ከሆድ ጀምሮ እየገነጠለ ይበላል፤ አጥንቱንም ስለሚሰባብር የሚተርፈው ትንሽ ነው። ዱካቸውም ይለያል። ነብር ሲራመድ ጥፍሩን ስለሚሰበስብ ጥፍሩ መሬት ላይ አይታይም፤ የጅብ ዱካ ግን የጥፍር ምልክት አለው፤ የፊት እግሩ መዳፍም ከኋላው ይተልቃል። አጥንት ስለሚበላ ፋንድያው ሲደርቅ ነጭ ነው። እረኞቹ ልጆች ይህን ከባለሙያው ባልተናነሰ ያውቁ ነበር። የጠየቃቸው ሰው አልነበረም እንጂ።

ከታየው አብዛኛው የነብር ሥራ ሆነ። ጥቂት ግልገሎችን የወሰደው ተኩላ ነው። ጉዳቱ የተከማቸውም በሁለት የውኃ ቦዮች ዳር፣ ደደሆና አጋም እስከ መንገዱ ድረስ በወረዱበት ቦታ፣ ከአሥር ሰዓት በኋላ እስከ ጀምበር መጥለቂያ ነው። ወራቱም ሁለት ነበሩ። አንደኛው ግንቦትና ሰኔ፣ ውጭ ያለው ግጦሽ ሲያልቅ። ሁለተኛው ኅዳርና ታኅሣሥ፣ አዋቂው ሁሉ አጨዳና ውቂያ ላይ ሲሆን። በጠዋቱ ፈረቃ የሚማሩ ልጆች ከሰዓት በኋላ ያግዳሉ፤ ያ ሰዓት ከነብሩ ሰዓት ጋር ገጠመ።

ድርድሩና ስምምነቱ

አውሬው ከታወቀ በኋላ ጠቡ ይቀዘቅዛል ተብሎ ነበር፤ ይልቁን ጋለ። የላይኞቹ ጎጦች «ደንብ ጥሰው ገብተው በተበላባቸው እኛ ለምን እንክፈል?» አሉ። የታችኞቹ መልስ የጉዳዩ ሁሉ ማዕከል ነው፤ «ሣሩን እኩል እንወስዳለን፤ ነብሩን ግን ለብቻችን እንቀልባለን» አሉ። እውነት ነው። የተራራው ጥቅም፣ ሣሩም፣ የጨረታው ገንዘብም፣ ወደ ታች መስኖ የሚሄደው ምንጭም፣ ለሁሉ ይደርሳል። ጉዳቱ የሚወርደው ግን ግርጌው ላይ በሚኖሩ ጥቂት ቤተሰቦች ላይ ብቻ ነው፤ እነርሱም ከሁሉ ድሆች ናቸው።

ያልተጠበቀ ድምፅም መጣ። በተራራው ማዶ ማሽላ የሚያርሱ ሰዎች ነብሩ እንዲነካ አልፈለጉም። ዝንጀሮ በየዓመቱ ማሽላቸውን ያረግፍባቸው ነበር፤ ነብሩ ከመጣ ወዲህ መንጋው ወደ ማሳ መውረድ እንደቀነሰ ይናገራሉ። ነብር ዝንጀሮን ማደኑ የታወቀ ነው። አንድ ሽማግሌ «ለእናንተ ሌባ ነው፤ ለእኛ ዘበኛ ነው» አሉ፤ ታችኞቹም ወዲያው «ታዲያ ደመወዙን ክፈሉ» አሏቸው። ሳቅ ሆነ፤ ድርድሩ ከዚያ ሳቅ በኋላ ቀለለ።

መንግሥት ይከፍላል ብሎ የጠበቀ ሰው ነበር። አውሬ ለበላው ከብት የሚከፈል መደበኛ የመንግሥት ካሳ በአገራችን የለም፤ ባለሙያው ይህን በግልጽ ተናገረ። መናገሩም ጠቀመ፤ ዓይን ሁሉ ከወረዳው ተነሥቶ ወደ ጥብቁ የገንዘብ ሳጥን ዞረ።

የተስማሙበት እንዲህ ነው። የጥብቁ ወሰን በግርጌው በኩል እስከ መጀመሪያው የእርከን መስመር ድረስ ወደ ላይ ተገፋ። የተለቀቀው ጠባብ መሬት ለሁለቱ ጎጦች የፍየል ማሰማሪያ ሆነ። በዚያ ቦታና በሁለቱ ቦዮች ዳር ያለው ቁጥቋጦ ተመንጥሮ እረኛው ሩቅ እንዲያይ ተደረገ፤ የተቆረጠው እሾህም ለጉረኖ ዋለ። ሣር ሲታጨድ ግርጌ ያሉት ቤተሰቦች ከዕጣው በፊት የመጀመሪያውን ድርሻ ይወስዳሉ። ፍየሎቹ በአንድ መንጋ ተደባልቀው ሁለት አዋቂዎች በተራ ያግዳሉ፤ አሥር ሰዓት ሲሆን ከቦዮቹ ዳር ይርቃሉ።

ካሳውን በተመለከተ፣ ጥብቁ ውስጥ ለተበላ እንስሳ አይከፈልም፤ እውነቱን ለተናገረ ግን ቅጣት የለም። ከጥብቁ ውጭ በእረኛ ፊት ወይም በደንቡ ከተሠራ ጉረኖ ውስጥ ከተበላ አንድ እንስት ግልገል ይተካል። ግልገሉ የሚገዛው ከሣር ጨረታው ገንዘብ ሲሆን፣ የጎደለውን ቅሬዎቹ ያዋጣሉ። በጥሬ ብር ላለመክፈል የመረጡት ሴቶቹ ናቸው፤ ብሩ ቤት ሳይደርስ ያልቃል አሉ። በድኑ ከቦታው ሳይነሣ የጥብቁ ጠባቂና ከሌላ ቅሬ የመጣ አንድ ሽማግሌ እስከ ማግስቱ ቀትር ድረስ ማየት አለባቸው። ከዚያ በኋላ በድኑ ይቀበራል እንጂ ገደል አይጣልም።

ፊርማው ቀበሌው ጽሕፈት ቤት ተፈረመ። ያጸናው ግን በአባጋሮቹ ፊት የተደረገው ዱዓና ምርቃት ነው፤ የተገኙት ክርስቲያኖችም አሜን ብለው ተቀበሉ።

የሠራው፣ ያልሠራው

ከሁሉ የበለጠ የሠራው ፍየሎቹ በአዋቂ መጠበቃቸውና የቦዮቹ ዳር መመንጠሩ ነው። ነብር ተደብቆ ቀርቦ የሚይዝ አውሬ ነው፤ መሸሸጊያ ካጣና ሰው ካየ አይደፍርም። በመጀመሪያው ዓመት ነብሩ ከመንጋው የወሰደው ከቀድሞው ጋር የማይነጻጸር ጥቂት ነው።

ይኸው የአዋቂ ጥበቃ ግን በየዓመቱ ሁለት ጊዜ ይላላል። ሐምሌ ላይ እርሻ፣ ኅዳር ላይ አጨዳ ሲመጣ ተረኛው አዋቂ ልጁን ይልካል። በእህል የሚከፈለው አንድ እረኛ በመቅጠር ተሞከረ፤ ምርት ጥሩ በሆነበት ዓመት ሆነ፣ ባልሆነበት ቀረ። ይህ እስካሁን ያልተዘጋ ቀዳዳ ነው።

ውሻ አልጠቀመም። ነብር ውሻን ራሱን ያድናል፤ ሁለት ቤት ውሻቸውን አጥተው ተዉት። ጣሳ ማንኳኳትና ልብስ ለብሶ የቆመ ማስፈራሪያ ለጥቂት ሳምንታት ሠርተው አውሬው ለመዳቸው።

ካሳው ያስከተለው ነገር ሌላ ነው። በሁለተኛው ዓመት የበግና ፍየል ደስታ መሰል በሽታ ገብቶ ብዙ ፍየል ገደለ፤ ነብሩ በሁለቱም ዓመት ከበላው ይልቅ በሽታው የወሰደው በለጠ። አንዳንዱ ሰው በበሽታ የሞተችበትን ፍየል አንገቷን ወግቶ ለነብር ሊያስቆጥር ሞከረ። በድኗን ያየው ሽማግሌ የቆየ እረኛ ስለነበር ደም ያልፈሰሰበትን ቁስል አወቀ፤ ከሞተች በኋላ የተወጋች ፍየል ደሟ አይፈስም፤ ሥጋዋም ሥር ደም አይቋጥርም። ነገሩ በሹክሹክታ አለቀ። በዚያው ግን አንድ ጥሩ አንቀጽ ተጨመረ፤ ካሳ የሚያገኘው ፍየሎቹን ያስከተበ ብቻ ነው። ክትባቱ አንዴ ከተሰጠ ለዓመታት የሚከላከል ነው። ከዚህ በፊት ክትባት ሲመጣ ፍየል የሚደብቁ ሰዎች ራሳቸው ተሰለፉ። በእኔ ግምት ከስምምነቱ ሁሉ ብዙ ፍየል ያተረፈው ይህ በድንገት የገባ አንቀጽ ነው።

ስለ ጅቡ ትንሽ ልጨምር። በድን መቅበሩ ወደ መንደሩ መመላለሱን ቀንሶታል፤ አህዮች ግን ዛሬም ደጅ ያድራሉ፣ ዛሬም ይበላሉ። በ2012 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የታተመ በትግራይ የተሠራ ጥናት በዐቢይ ጾም ወራት እርድ ቀርቶ የሥጋ ትራፊ ሲጠፋ ጅብ አህያን በብዛት እንደሚያድን አሳይቷል። እዚህ ሙስሊምና ክርስቲያን ተቀላቅሎ ስለሚኖር እርዱ ጨርሶ አይቆምም። ቢሆንም አህያን በጾሙ ወራት ቤት ማሳደር ከወጪው ጥቅሙ ይበልጣል። ይህን ምክር የሰሙ ጥቂቶች ናቸው፤ ቤት ጠባብ ነው።

ለሌላ ቦታ የሚሆነው

አንደኛው ነገር መዝገብን ከማመን በፊት መዝገቡ የሚያስቀጣ መሆን አለመሆኑን መጠየቅ ነው። ጉዳት የደረሰበት ቦታ የተከለከለ ከሆነ የሚመዘገበው ቦታና ሰዓት ሐሰት ይሆናል፤ በሐሰት ላይ የተመሠረተ እርምጃ ደግሞ ገንዘብም ጉልበትም ይበላል። ያለፈውን ምሮ የወደፊቱን ማጽናት ጥብቁን አላስመነጠረም። ሊቀ መንበሩ የፈራው አልደረሰም።

ሁለተኛው፣ እያንዳንዱ አውሬ የራሱ ሰዓት፣ የራሱ ቦታ፣ የራሱ አገዳደል አለው። የሌሊት ጉረኖ ለጅብ ይሠራል፤ የቀኑን ነብር አይመለከተውም። ቢያንስ አንድ ወቅት የተገደሉትን እንስሳት ቦታው ድረስ ሄዶ ሳያዩ እንጨት ማስቆረጥ መጀመር አይገባም። እረኞቹን ልጆች መጠየቅ ደግሞ ዋጋ የማይከፈልበት ጥናት ነው።

ሦስተኛው ስለ ካሳ ነው። ካሳ ብቻውን ቢሰጥ ኖሮ በዓመቱ ይከስር ነበር። የቆየው ከአጠባበቅ፣ ከክትባትና ከጉረኖ ጋር ስለተያያዘና የሚፈርደው ጎረቤት ስለሆነ ነው። ገንዘቡ ከተራራው ከራሱ መውጣቱም ፍትሕ አለው፤ ነብሩ የሚኖረው ተራራው ስለተከለለ ነውና የተከለለው ተራራ ይክፈል። ሣር የማይሸጥበት፣ ገቢ የሌለው ጥብቅ ቦታ ይህን ቃል በቃል ሊቀዳው አይችልም።

ቅሬና አባጋር ባሉበት አገር አዲስ ኮሚቴ ማቋቋም ጊዜ ማባከን ነው ባይ ነኝ። የወረዳ ባለሙያዎች ሁሉ በዚህ አይስማሙም፤ ቅሬ ሒሳብ አይመረመርም ይላሉ። እውነት አላቸው፤ ግን እዚህ ሒሳቡ የቆየው ለቅሶ ላይ ስለሚጠየቅ ነው።

አሁን ያለበት

በ2014 ጦርነቱ ደቡብ ወሎ ሲደርስ የዚያ ዓመት ሣር በጊዜው አልታጨደም፤ የጥብቁም ሳጥን ባዶ ሆነ። ብዙ ፍየል ተሸጠ፣ ታረደ፣ ጠፋ። ከዚያ በኋላ መጀመሪያ የተነሡት ቅሬዎቹ ናቸው፤ የግልገል መተካቱ ለአንድ ዓመት ያህል በመዋጮ ብቻ ሄደ፤ ቀጥሎ ጨረታው ተመለሰ።

ነብሩ ወሰን አያውቅምና ዛሬ የሚያወዛግበው ጎረቤት ቀበሌው ነው። የእነርሱ የታችኛው ጎጥ በዚሁ ተራራ ጀርባ ይገኛል፤ በስምምነቱ ለመግባት ሁለት ጊዜ ጠይቀዋል። የእነርሱ ጥብቅ ቦታ ሣር ግን ለወጣቶች ማኅበር የተሰጠ ስለሆነ ለካሳ የሚሆን ገቢ ከየት እንደሚመጣ አልተስማሙም። ማኅበሩ ንብ የሚያነብባቸው ቀፎዎች እዚያው ስላሉ ከሣሩ ይልቅ ከማሩ ድርሻ ለመስጠት ሐሳብ አቅርቧል፤ ፍየል አርቢዎቹ የማር ዋጋ በየዓመቱ ይወርዳል ይወጣል ብለው ገና አልተቀበሉትም።